ስለ መጠራትና ስለ መላክ

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚል የአባቶች ተረት አለ። የተተረተውም በችኩል አሽከር ላይ ነው። ጌታው ስሙን ሳያነሣ «አቤት» ብሎ ከደጅ ይገባል፤ መልእክቱንም ሳይነግሩት «ወዴት ልሂድ?» እያለ ይጣደፋል። ሰው ሁሉ በዚህ አሽከር ይሥቃል፤ ነገር ግን በመንፈሳዊ ነገር እርሱን የሚመስሉ ጥቂቶች አይደሉም። ወንጌልን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ላልሰማ ሕዝብ ማሰማት ክቡር ሥራ ስለ ሆነ፣ ልቡ የሞቀለት ወጣት ሁሉ እግዚአብሔር የጠራው ይመስለዋል። ደግሞም በእውነት ተጠርቶ ሳለ እንዳልሰማ ሆኖ ፊቱን የሚያዞር አለ። ፊተኛው ሳይላክ በመሄዱ ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል፤ ሁለተኛው ተልኮ ሳለ በመቅረቱ የሚጠብቁትን ያስርባል። ስለዚህ ጥሪ በምን እንደሚታወቅ መመርመር ለሁለቱም ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የልብ ምኞትና የእግዚአብሔር ጥሪ አንድ እንዳይደሉ ማወቅ ይገባል። ምኞት ከብዙ ምንጭ ይቀዳል። አንዱ የሩቅ አገር ታሪክ አንብቦ ይመኛል። አንዱ ከአባቱ ጋራ ተጣልቶ ከቤት የሚወጣበትን መንገድ ይፈልጋል። አንዱ ትምህርቱ ወይም ሥራው አልሳካ ስላለው በሌላ አገር የሚቃናለት ይመስለዋል። አንዱም በውጭ አገር መኖርን ሲመኝ ቆይቶ፣ እንጀራ ፍለጋ ነው እንዳይባል ለምኞቱ የወንጌልን ልብስ ያለብሰዋል። እንጀራ መፈለግ ኀጢአት አይደለም፤ እንጀራ ፍለጋን የእግዚአብሔር መልእክት ብሎ መጥራት ግን ሐሰት ነው። ባሕርም የሰውን ጠባይ አያጥብም። በአገሩ ቁጡ የነበረ በሰው አገርም ቁጡ ነው፤ በአገሩ ሰነፍ የነበረም በመርከብ ስለ ተሳፈረ ትጉህ አይሆንም። ይልቁንም ቋንቋው ባልታወቀ፣ ምግቡና አየሩም ባልተለመደ አገር የጠባይ ጉድለት ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ይህ ማለት ግን የልብ መሞቅ የተናቀ ነገር ነው ማለት አይደለም። ጥሪ ብዙ ጊዜ በልብ ይጀምራል፤ ፍርዱ ግን በልብ ብቻ አያልቅም። ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን፣ ልብ የተናገረውም የሚፈተንበት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ፈተና የቅርቡ ሥራ ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈ፣ በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለሩቅ አገልግሎት በለያቸው ጊዜ ሥራ ፈትተው አልተገኙም። በዚያው ከተማ አንድ ዓመት ሙሉ ሕዝብን ሲያስተምሩ ኖረው ነበር፤ በይሁዳ ለነበሩት ወንድሞች የተዋጣውንም ርዳታ አድርሰው ተመልሰው ነበር። የሩቁ ሥራ የመጣላቸው በቅርቡ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። እንግዲህ የጎረቤቱን ልጅ ፊደል ማስቆጠር የታከተው፣ የታመመውንም ለመጠየቅ መንገዱ የረዘመበት ሰው፣ «ለማላውቀው ሕዝብ ፍቅር አለኝ» ቢል ማን ያምነዋል? የማያውቁትን ሕዝብ መውደድ ቀላል ነው፤ አይሰድብምና፣ አይበደርምና፣ በሌሊትም በር አይመታምና። ፍቅር የሚታወቀው በር ከሚመታው ሰው ጋራ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የሌሎች ምስክርነት ነው። ለዚህም ኢትዮጵያ ከራሷ ታሪክ የሚበቃ ምሳሌ አላት። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደ ተረከው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት የጢሮስ ልጆች ከመምህራቸው ጋራ በመርከብ ሲጓዙ፣ መርከቡ ወደብ በያዘበት ስፍራ የአገሩ ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ልጆቹን ግን ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። በቤተ መንግሥትም ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የገንዘብና የጽሕፈት ሹም ሆኑ። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣኑ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲኖራቸው አደረገ። ልጁ አድጎ መንግሥቱን በያዘ ጊዜ ሁለቱ ተሰናብተው ወጡ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ የእነዚያን ክርስቲያኖች ነገር ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስ ነገረና፣ ጳጳስ እንዲልክላቸው ለመነ። ራሱን ለሹመት አላቀረበም። አትናቴዎስ ግን ከካህናቱ ጋራ ከመከረ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል ሰው እንደማይገኝ አይቶ ፍሬምናጦስን ራሱን ሾሞ መለሰው። እነሆ፣ ሌላ ሰው እንዲላክ ሊለምን የሄደው እርሱ ተልኮ ተመለሰ። ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያለች ታከብራቸዋለች።

በዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት አለ። ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣው ለስብከት ተነሥቶ ሳይሆን ተማርኮ ነው። በተማረከበት አገር የተሰጠውን ሥራ በታማኝነት ሠራ፤ ሥራውን ያዩ ሰዎችም የእርሱን ጥሪ ከእርሱ በፊት አወቁት። ሰው በራሱ ነገር ሲፈርድ ሚዛኑ ይዛባል። ስለዚህ የተጠራ የሚመስለው ሰው ነገሩን ለመምህሩና ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ይንገር። የሚጠይቀውም ሁልጊዜ የሚያመሰግኑትን ብቻ አይሁን፤ ጉድለቱን የሚያውቁትንም ይጠይቅ። ምክራቸው ቢመርረው፣ መድኀኒትም እንደሚመርር ያስብ።

ኤዴስዮስ ግን አብሮ አልተመለሰም። ወደ ጢሮስ ወደ ወላጆቹ ሄዶ በአገሩ ቄስ ሆነ። ጥሪውን ከዳ ብሎ የሚከሰው የለም። እንዲያውም ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የሰማው ከእርሱ አፍ ነው። ጌታችንም ከአጋንንት ያዳነው ሰው አብሮት ለመሄድ ሲለምነው አልፈቀደለትም፤ ነገር ግን የተደረገለትን ምሕረት እንዲያወራ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ላከው። ይህም መላክ ነው። ስለዚህ ተመክሮ በአገሩ የቀረ ሰው ከክብር የወደቀ አይምሰለው።

ሦስተኛው ፈተና ከእርሱ ጋራ በአንድ ቀንበር ያሉት ሰዎች ናቸው። ዊልያም ኬሪ በእንግሊዝ አገር ጫማ ሰፊ ነበረ፤ በሥራው መካከል መጽሐፍ ዘርግቶ ቋንቋ ይማር ነበር፤ ኋላም ሰባኪ ሆነ። በ1793 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ህንድ ሄደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እንደ አውሮፓ ናቸው)። የመጀመሪያውን ህንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው፤ በ1801 የቤንጋሊ ቋንቋ አዲስ ኪዳን ታተመ፤ በ1834 እስኪሞትም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሰባት ዓመት በትዕግሥት መዝራቱን ሁሉ ያደንቃል፤ ሊደነቅም ይገባዋል። ነገር ግን የባለቤቱ የዶሮቲ ታሪክ ከዚህ አጠገብ ሊነገር ይገባል። እርሷ መሄድ አልፈለገችም፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። እርሱ ግን ትቷት ለመሄድ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። ጉዞው ተሰናክሎ በዘገየ ጊዜ ወልዳ አገኛትና፣ እኅቷ አብራት እንድትሄድ ሆኖ በመጨረሻው ሰዓት ተስማማች። በ1794 ጴጥሮስ የሚባለው ሕፃን ልጃቸው በህንድ ሞተ። ከዚያም በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 እስክትሞት ድረስም አልዳነችም።

ይህን ማንሣት የኬሪን ሥራ ለማቃለል አይደለም። ነገር ግን እግዚአብሔር ባልን ሲጠራ ሚስትን እንደ ጓዝ አይቆጥራትም። ሁለቱን አንድ ሥጋ ያደረጋቸው እርሱ ነውና፣ ለአንዱ የነገረውን ለሌላይቱ ለመንገር ጊዜ አያጣም። ባልም ሚስቱ በልመና ብዛት ደክማ «እሺ» ብትለው፣ ያን ቃል እንደ ፈቃድ አይቍጠረው፤ ይታገሣት። ጧሪ የሌላት እናት ያለችውም ልጅ እንዲሁ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ ዓለምን ሲያድን እናቱን ለወደደው ደቀ መዝሙር አደራ መስጠትን አልዘነጋም። እናቱን ለማንም አደራ ሳይሰጥ በሌሊት ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ፣ የሚያገለግለው ማንን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

አራተኛው ፈተና የተዘጋ በር ነው። በር ሲዘጋ ምኞት ይቆጣል ወይም ይበርዳል፤ ጥሪ ግን ይታገሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ እስያና ወደ ቢታንያ ለመሄድ አስቦ ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ አየ። ዴቪድ ሊቪንግስተንም በወጣትነቱ ያሰበው ቻይናን ነበር፤ በ1839 የተነሣው የኦፒየም ጦርነት መንገዱን ቢዘጋበት ወደ አፍሪካ ተላከ።

ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ ሰው የሚቀርበው የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። በ1866 ከስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር የተላኩ ሰዎች ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት አስበው ምጽዋ ደረሱ። መንገዱ ግን ተዘጋባቸው፤ በሽታም ብዙዎቹን ጨረሰ። የቀሩት በባሕሩ ዳር ትምህርት ቤት ከፍተው ተቀመጡ። በ1870 ደግሞ በልጅነቱ ከኢሉባቦር አገር ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ አንድ ልጅ በምጽዋ ከባርነት ነፃ ወጥቶ በትምህርት ቤታቸው ተቀበሉት። ወደ ኦሮሞ አገር መድረስ ለተከለከሉት፣ የኦሮሞ ልጅ ደጃቸው ድረስ መጣላቸው።

ይህም ልጅ በ1872 ተጠመቀ፤ ወደ ስዊድንም ተልኮ 5 ዓመት ተማረ። በ1881 ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ቢሞክር አልሆነለትም። ተስፋ ቆርጦ ወደ ስዊድን አልተመለሰም፤ በመንግሥትም ላይ እያማረረ አልተቀመጠም። ወደ ባሕሩ ዳር ተመልሶ ብዕሩን አነሣ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በቋንቋው እየረዳችው፣ በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ገባ፤ በ1931 እስኪሞትም ድረስ በዚያ አስተማረ። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መግባቱ 23 ዓመት አለፈ። ያ ዘመን ባክኗልን? በ1881 ገብቶ ቢሆን ባዶ እጁን በገባ ነበር፤ በ1904 ሲገባ ግን ሕዝቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ ይዞ ገባ። ስለዚህ የተዘጋው በር ጥሪውን አልሻረውም፤ አዘጋጀው እንጂ።

«ይህ ሁሉ ፈተና ከተቆጠረ ማን ይሄዳል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት አለው፤ ጥንቃቄም የፍርሃት መሸሸጊያ ይሆናልና። ዮናስ የታዘዘውን በግልጥ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ኢዮጴ ወርዶ የተዘጋጀ መርከብ አገኘ፤ ዋጋውንም ከፈለ፤ ሁሉም ቀናው። የቀናው ግን ለመሸሽ ነው። ከዚህም በር መከፈቱ ብቻውን የጥሪ ምልክት እንዳይደለ ይታወቃል። ሙሴም በተጠራ ጊዜ አፉ ኰልታፋ መሆኑን ምክንያት አድርጎ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ። እንግዲህ መፍራት ያለመጠራት ምልክት አይደለም፤ መቸኰልም የመጠራት ምልክት አይደለም። ፈተናዎቹ የተነገሩት ላለመሄድ ምክንያት እንዲሆኑ አይደለም፤ የሚሄደው ጸንቶ እንዲሄድ ነው። በቅርቡ ሥራ ታምኖ፣ በሽማግሌዎች ተመስክሮለት፣ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአንድ ልብ ሆኖ፣ በሩም ተከፍቶለት ሳለ ስለ ምቾቱ ብቻ የሚቀር ሰው ከዮናስ አይሻልም።

ስለዚህ በልቡ ጥሪ የሰማ የሚመስለው ወጣት ነገ መርከብ አይፈልግ፤ ነገ ጠዋት ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ። ትምህርቱን ይፈጽም፤ የተጣላውን ይታረቅ፤ ዕዳውን ይክፈል፤ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር ይጣር፤ በአጠገቡ ያለውንም ደካማ ያገልግል። ልቡ የሰማው የእግዚአብሔር ድምፅ ከሆነ በዚህ ሥራ አይጠፋም፤ ይጠነክራል እንጂ። የራሱ ድምፅ ብቻ ከነበረም በጊዜው ዝም ይላል፤ ሰውም አይጎዳም። አንድ ቀን በእውነት ሲጠራ ግን እንደ ችኩሉ አሽከር ሳይሆን እንደ ታመነ አገልጋይ ይነሣ፤ ሲጠሩት «አቤት» ይበል፣ ሲልኩትም «ወዴት» ብሎ ይጠይቅና ይሂድ።