የሐይቅ ዳር ቤት ሕልማችን

ስልካችሁን ስትከፍቱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣላችሁ ምንድን ነው? እኔን ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ የእንጨት ቤትና በረንዳ ላይ የተቀመጠ የቡና ሲኒ ነው። ከሥሩ ደግሞ «ጡረታዬን እዚህ ነው የማሳልፈው» የሚል አስተያየት አይጠፋም። እውነት ለመናገር እኔም ጽፌ አውቃለሁ። የእኔ ቦታ ወንጪ ነው፤ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ። አከራዬ ዋጋ በጨመሩ ቁጥር ልቤ ወደዚያ ይሸፍታል።

ባለፈው ስሄድ ፈረስ ያከራየኝን ልጅ «ታድላችሁ! እዚህ መኖር!» አልኩት። ሳቀና «አዲስ አበባ ሥራ ካገኘህልኝ እንቀያየር» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ የማየው ውኃውን ነው፤ እሱ የሚያየው ዳገቱን። የታመመ ሰው ተሸክሞ የሚወጣው፣ በክረምት ጭቃ የሚያንሸራትተው ያንኑ ዳገት ነው።

ሌላም አለ። «ትንሽ መሬት ገዝቼ» እንላለን። ከማን ነው የምንገዛው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ገበሬውም ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። በደላላ «ተሸጠ» የሚባለው የገጠር መሬት ሁለቱንም ያከስራል። የገዢው ወረቀት ሕግ ፊት አይቆምም። ሻጩም ብሩ ሲያልቅ ልጆቹ የሚያርሱት ያጣሉ።

ሕልሙን ጣሉት እያልኩ አይደለም፤ እኔም አልጣልኩትም። ግን በመስከረም አበባ ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ሂዱና ሞክሩት። ቤት ተከራይታችሁ አንድ ወር ኑሩ። ወንጪ ከሆነ አፋን ኦሮሞ ተማሩ። ጎረቤት ሲያዝን ለቅሶ ድረሱ። በኢንተርኔት የምትሠሩት ሥራ ካላችሁ ለዚያ ፈረስ አከራይ ልጅም አሳዩት።

«እኔ እዚያ ብገባ እዚያ ያለው ሰው ምን ያገኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካለን፣ መንገዱ ክፍት ነው። ከሌለን ደግሞ ፎቷችንን አንስተን፣ የፈረሱን ሂሳብ ሳንከራከር ከፍለን ብንመለስ ይሻላል።