የባሕር ዳር ዕረፍት ከአየር ትንበያ አይጀምር

እንግሊዝ አገር የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜና እሁድን ባሕር ዳር ለማሳለፍ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው የአየር ትንበያ ነው። ፀሐይ ከሆነ ይሄዳል፣ ዝናብ ከሆነ ይቀራል። ሁሉም እንዲህ ስለሚያስብ በአንድ ሞቃት የነሐሴ ቅዳሜ መንገዱ ይጨናነቃል፣ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፣ የአልጋ ዋጋ ይንራል። ብዙው ሰው በግርግሩ መካከል አይስክሬሙን በልቶ በዚያው ዕለት ይመለሳል። ይህ አካሄድ ለሄደውም ሆነ ለተቀባዩ ከተማ አይጠቅምም። ዕቅዱ ከፀሐዩ ሳይሆን ከከተማው ኑሮ ቢጀምር ሁለቱም ያተርፋሉ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው ዊትቢ ናት።

ዊትቢ በሰሜን ዮርክሻየር፣ የኤስክ ወንዝ ከሰሜን ባሕር በሚገናኝበት ቦታ የተቆረቆረች ትንሽ ወደብ ናት። ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል። ካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከበኝነትን የተማረው እዚህ ነው፤ ፓስፊክን ያሰሰባት መርከብ ኢንደቨርም የተሠራችው በዚሁ ነው። በ1897 የታተመው የብራም ስቶከር ልብ ወለድ «ድራኩላ» በከፊል እዚህ ስለሚካሄድ አድናቂዎቹ በየዓመቱ ይጎርፋሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለአማርኛ አንባቢ ግን ከኩክም ከድራኩላም የሚቀርብ ታሪክ አላት።

ከምሥራቁ ሠፈር ተነሥቶ 199 የድንጋይ ደረጃዎችን የወጣ ሰው መጀመሪያ የቅድስት ማርያምን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ጣሪያ የሌለውን የገዳም ፍርስራሽ ያገኛል። ዛሬ የቆሙት ግድግዳዎች የኋለኛው ዘመን ሥራ ናቸው፤ የመጀመሪያው ገዳም የተመሠረተው በ657 ነው። ወንዶችንም ሴቶችንም መነኮሳት ታስተዳድር የነበረችው እመ ምኔት ሂልድ ትባላለች። በ664 እዚህ ጉባኤ ተቀመጠ። ከዋነኞቹ መከራከሪያዎች አንዱ ፋሲካ መቼ ይዋል የሚለው ነበር። የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኦስዊ የአየርላንድ መነኮሳትን አቆጣጠር ሲከተል ንግሥቲቱ የሮማን ትከተል ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ቢድ እንደመዘገበው፣ ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ ፋሲካን ሲያከብር ንግሥቲቱ ገና ሆሳዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ጊዜ ነበር። በአንድ ቤት አንዱ ገድፎ ሌላው ጾመኛ! ጎረቤቱ የፋሲካ ቸኮሌቱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ በሰሙነ ሕማማት የሚሰግድ የለንደን ወይም የሊድስ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ንጉሡ በመጨረሻ «ቁልፉን የያዘው ጴጥሮስ ነው» ብሎ ለሮማ ፈረደ። አባት ለልጁ ስለ ባሕረ ሐሳብ ሊያጫውት ቢፈልግ ከዚህ ኮረብታ የተሻለ ቦታ አያገኝም። የገዳሙ ከብት ጠባቂ ካድሞን በሕልሙ የዝማሬ ጸጋ እንደተሰጠውም የሚተረከው እዚሁ ነው፤ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህም ባዕድ አይሆንበትም።

ኮረብታውን መውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ ወደ ባሕሩ መውረድ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ የተዝናና ሰው ሐይቁን ጠዋት በተወበት ማታም ያገኘዋል። የሰሜን ባሕር እንዲህ አይደለም። በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይሞላል፣ በመካከሉ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ በዊትቢ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ4 ሜትር ይበልጣል። ውኃው ሲሸሽ ከገደሉ ሥር ወደ ሶልትዊክ የሚወስድ ሰፊ የዓለት ወለል ይገለጣል። ልጆች አጎንብሰው አሞናይት የሚፈልጉት እዚህ ነው። አሞናይት በዳይኖሰር ዘመን የኖረ፣ ቅርፊቱ የተጠቀለለ የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ሂልድ ድንጋይ ያደረገቻቸው እባቦች ናቸው ይል ነበር። ሦስቱ በከተማዋ ዓርማ ላይ ይታያሉ።

አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። ሰው መሬት መሬቱን ሲያይ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ውኃው በኋላ በኩል ዞሮ መመለሻውን ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ገደል ደግሞ የሚናድ ነው። ስለዚህ ከአየር ትንበያው በፊት የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሰንጠረዥ ይታይ፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ውኃው እየሸሸ ሳለ መውረድ፣ መሙላት ሳይጀምርም መመለስ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የቅዳሜው ለእሁድ አይሠራም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከለንደን ዮርክ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዮርክ 840 ቁጥር አውቶቡስ ሰፊውን የዮርክሻየር ደጋ አቋርጦ ዊትቢ ያደርሳል። ከሚድልስብራ የሚነሣው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ የሚመላለሰው ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ።

ስለ ምግብ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙ ቤቶች ዓሣና ድንቹን የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። «ዓሣ ነው፣ ምን አለበት» ብሎ የሚያዝ ጾመኛ ሳያውቅ ይገድፋል፤ ሐላል ለሚጠብቅ ሙስሊምም ነገሩ ያው ነው። መጠየቅ ነውር የለውም፤ በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ደግሞ በምሥራቁ ሠፈር፣ ሄንሪታ ስትሪት ላይ ወደሚገኘው ፎርቹንስ ቢጎራ ይጠቀማል። ከ1872 ጀምሮ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ በእንጨት ጭስ እያጠነ የሚሸጥ ትንሽ ቤት ነው፤ የማጠኛ ክፍሉ ግድግዳ በዘመናት ጥቀርሻ ጠቁሯል።

ከወራቱ ሁሉ ግንቦትና መስከረም ይመረጣሉ። የትምህርት ቤት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ነሐሴን መሸሽ ሊያቅተው ይችላል፤ እሱ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደር፤ የቀን ጎብኚው ወጥቶ ሲያልቅ ምሽቱ የእሱ ነው። በሰኔ አጋማሽ ባሕሩ ወደ ሰሜን ስለሚከፈት ፀሐይ ከውኃ ወጥታ እዚያው ውኃ ውስጥ ስትጠልቅ ትታያለች። በታኅሣሥ ግን በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል።

የት ማደር የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በ2022 የዊትቢ ነዋሪዎች አዳዲስ ቤቶች በቋሚነት ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ ይሸጡ ወይ ተብለው ተጠይቀው፣ ድምፅ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ «አዎ» አሉ። ውጤቱ አስገዳጅ አልነበረም፤ ብሶቱ ግን እውነት ነው። ለዕረፍት ብቻ የሚከፈቱና ለእንግዳ የሚከራዩ ቤቶች ሲበዙ የዓሣ አስጋሪው ልጅ በተወለደበት ሠፈር የሚከራየው ያጣል። የሰሜን ዮርክሻየር ምክር ቤትም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሁለተኛ ቤቶች ላይ የሚከፈለውን ግብር በእጥፍ አሳድጓል። ኪራይ ሲንር ከሠፈር መፈናቀል ምን እንደሆነ አዲስ አበባም ለንደንም ያየ ሰው ይህን ቸል ሊለው አይገባም። ባለቤቶቹ እዚያው እየኖሩ አልጋና ቁርስ የሚያቀርቡባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ፤ ገንዘቡ ወደ እነሱ ቢሄድ ከተማው ውስጥ ይቀራል።

በብሪታንያ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና አጥቢያዎች የመጪውን ዓመት ጉዞ ከወዲሁ ይነጋገሩበት። ከነሐሴ ውጭ ያለ ቅዳሜና እሁድ ይምረጡ፣ ማረፊያውን ከነዋሪ ይከራዩ፣ የውኃውን ሰንጠረዥ አትመው ለእያንዳንዱ ወላጅ ይስጡ። ባሕር ዳር ችግር ቢያጋጥም የሚደወለው 999 ነው፤ ኮስትጋርድ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።