ደም በደም አይታጠብም

እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2021 በኒጀር የታዋ ክልል፣ ከማሊ ድንበር አጠገብ፣ በሞተር ሳይክል የመጡ ታጣቂዎች ኢንታዛየን፣ ባኮራትና ዊስታን የተባሉትን የቱዋሬግ መንደሮች ወረሩ። የኒጀር መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 137 ብሎ አስታወቀ። በተከታዩ ዓመት በዚያው ወር ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ በማሊ የሜናካ ክልል፣ በታማላት፣ በኢንሺናናንና በአንደራምቡካን አካባቢ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሲቪሎች ተገደሉ። አብዛኞቹ ከቱዋሬግ የሚቆጠሩት የዳውሳሃክ ከብት አርቢዎች ነበሩ። የተረፉት እናቶችና ሕፃናት ከብታቸው ተዘርፎ ተሰደዱ። የሜናካውን ጭፍጨፋ የፈጸመው ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ቡድን የሳህል ቅርንጫፍ ነው።

ውድ አንባብያን! ሟቾቹ ሰጋጆች ናቸው፤ ገዳዮቹም የሚነግዱት በኢስላም ስም ነው። ታዲያ ልጆቻችን «ሙስሊም ሙስሊምን ለምን ይገድላል?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸው?

በመጀመሪያ ጠቡ ከሃይማኖት እንዳልተነሣ እንንገራቸው። በዳውሳሃክና በኒጀር ፉላኒዎች መካከል በግጦሽ፣ በውኃና በከብት ዝርፊያ የተነሣ ለረጅም ዓመታት የኖረ ጠብ አለ። በ1990ዎቹ ዓመፅ ሳቢያ ጠመንጃ በአካባቢው ሲበዛ ጠቡ መልኩን ለወጠ። ከብታቸውን የሚጠብቅላቸው መንግሥት ያጡ አንዳንድ የፉላኒ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ሰሜን ማሊን ወደያዙት ታጣቂዎች ተጠጉ። ታጣቂዎቹም የእረኛውን ቂም ለራሳቸው ዓላማ አዋሉት።

ሁለተኛ፣ በደሉ በአንድ ወገን ብቻ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ቡድን ይወጉ የነበሩ የቱዋሬግ ታጣቂዎች የፉላኒ ሲቪሎችን ገድለዋል ተብለው ተከሰሱ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል በሜናካ አካባቢ ከ40 የሚበልጡ ቱዋሬጎች በሁለት ቀን ውስጥ ተገደሉ። አንዱ ግድያ ሌላውን ይወልዳል። ትርፉ ግን የቡድኑ ነው፤ ቂም የያዘ ወጣት ሁሉ ለምልመላ ይመቸዋልና።

ያለ ሐቅ ነፍስ ማጥፋት በዲናችን ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ገዳይ በሥራው ይጠየቅ፤ «ፉላኒ»፣ «ቱዋሬግ» እያሉ ሕዝብን በጅምላ መወንጀል ግን የገዳዩን ሥራ ማገዝ ነው እንላለን። ልጆቻችን ይህን አስቀድመው ከእኛ አንደበት ይስሙ።

ለሟቾቹ አላህ ይዘንላቸው፤ ለተፈናቀሉትም ሰላሙን ያምጣላቸው። አሚን!