የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሁለቱ የጎጃም እኅትማማቾች

በርሊን፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ.። የሴቶች 10,000 ሜትር ሊያበቃ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ኢትዮጵያዊቷ መሰለች መልካሙ ያሸነፈች መስሏት እጇን አነሳች፤ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ግን መስመሩ ላይ ቀደመቻት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። ይህ እትም የሚያነሳው ከኋላቸው የመጣችውን ነው፦ ውዴ አያሌው በ30:51.95 ሦስተኛ ወጣች፤ ከአሸናፊዋ አንድ ሰከንድ እንኳ አልራቀችም።

እኅቷ ሕይወት የያዘችው 3,000 ሜትር መሰናክልን ነው። 28 ጊዜ መሰናክሉን፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃውን መዝለል፣ ያውም እግር ከዛለ በኋላ። በለንደን ኦሊምፒክ አምስተኛ ገባች፤ ሩሲያዊቷ አሸናፊ በዶፒንግ ስትሰረዝ አራተኛ ሆነች። በ2013 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮናም አራተኛ። ከዓለም አራተኛ! ሜዳሊያ ስላልተንጠለጠለበት ብቻ ዝም ብለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች እነዚህን ስሞች ሊያውቋቸው ይገባል። ለዚህም ነው ሰፊውን ገጽ ለሁለቱ የሰጠነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሔቱን በአቅራቢያችሁ ላለ የስፖርት መምህር አቀብሉልን።