ማሰማትና ማስተማር

ሰፊውን ሕዝብ ከመሃይምነት በማላቀቅና ንቃቱን በማዳበር ረገድ የብዙኃን መገናኛም ሆነ የመማሪያ ክፍል ከፍተኛ ድርሻ እንዳላቸው አያጠያይቅም። የሁለቱን ልዩነት በሚገባ አለመገንዘብ ግን አንዱን በሌላው ቦታ የመተካት ስሕተት ያስከትላል።

ሬዲዮ ከአንድ ማዕከል ተነሥቶ ለሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ይናገራል። ተናጋሪው አድማጩን አያየውም፤ አድማጩም ያልገባውን እዚያው ለመጠየቅ አይችልም። በመማሪያ ክፍል ግን መምህሩ የተማሪውን ፊት እያየ ቆም ይላል፣ ምሳሌ ይለውጣል፣ መልሶ ይጠይቃል። እንግዲህ መሠረታዊው ልዩነት በመሣሪያው ሳይሆን በምላሹ ላይ ነው።

ይህን የአገራችን ተጨባጭ ተሞክሮ ያረጋግጣል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጥሪው በሬዲዮና በጋዜጣ ተሰማ። ጎልማሳውን ፊደል ያስቆጠረው ግን አጠገቡ ቆሞ ስሕተቱን ያረመለት አስተማሪ ነበር። ሁለቱ ተደጋገፉ እንጂ አልተተካኩም።

በአንጻሩ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የፕላዝማ ትምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን በሳተላይት ለሚተላለፍ የእንግሊዝኛ ገለጻ ሰጠ። ሥርጭቱ ለጠያቂ ተማሪ አይቆምም፤ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ይህ ማለት ተማሪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አድማጭ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ማንሳታችን የብዙኃን መገናኛን ዋጋ ለማሳነስ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የክፍሉ በር ያላስገባውን ትምህርት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደየቤቱ ለማድረስ ሞክረዋል። ነገር ግን ማድረስ ማስረዳት አይደለም።

ጉዳዩ መምህራንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በቀበሌም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ አንድ ሰው ለሰዓታት ተናግሮ ሌላው አጨብጭቦ ከተበተነ፣ ያ ስብሰባ ሕዝብ የተሰበሰበበት ሬዲዮ እንጂ መማሪያ አይደለም። ስለ ጤና ጥንቃቄም ሆነ ስለ ሥራ ደንብ በአየር ሞገድ የተሰማው ሁሉ በየስብሰባው ጥያቄ ሊነሣበት፣ ሊብራራና ከነዋሪው ኑሮ ጋር ሊገናዘብ ይገባል። አበው መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንዳሉት፣ ሰብሳቢዎች ከንግግራቸው ቀንሰው ለጥያቄ ጊዜ ይስጡ! ተሰብሳቢዎችም ያልገባቸውን ሳይጠይቁ አይውጡ!