አሥመራ የቀረው ጓዳ

አሥመራ ከተማ በአንድ ዘመን ብዙ የጦር ሰፈር ነበረባት። ለዛሬው ነገሬ ሁለቱ ይበቁኛል። አንደኛው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ ነው፤ ሌላው የእኛው አየር ኃይል የአሥመራ ምድብ። የአንደኛውን ትዝታ ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። የሁለተኛውን ግን እዚህ ጨፋ ሮቢት ያሉ አንዲት እናት ብቻቸውን ተሸክመውት ይኖራሉ። የሚጠይቃቸውም የለም።

ቃኘው የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። አሜሪካኖቹ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አሥመራ ላይ ጆሯቸውን ተክለው ቆዩ፤ በግንቦት 1945 ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ። ስሙን የወሰዱት ኮሪያ ከዘመተው ከእኛው ቃኘው ሻለቃ ነው። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ከ3 ሺህ በላይ አሜሪካውያን፣ ወታደሩ ከነሚስቱ ከነልጁ፣ እዚያ ይኖሩ ነበር። የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ የራሳቸው ሆስፒታል፣ የራሳቸው ሲኒማ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ሁሉ ነበራቸው። የቴሌቪዥን ጣቢያም አልቀረባቸውም። ብርዱ ሲሰለቻቸው ምጽዋ ወርደው ይዋኛሉ። በሚያዝያ 1969 ደርግ «በቃ፣ ውጡልኝ!» አላቸውና በቀናት ውስጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ሄዱ እንጂ አልረሱም። ያኔ እዚያ ያደጉት ልጆች ዛሬ አያት ሆነው እንኳ ይሰባሰባሉ። የክፍል ፎቶ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ፈረስ ጋሪው፣ ስለ ማኪያቶው፣ ስለ ምጽዋ ሙቀት ይጽፋሉ። አንድ ታሪክ ጸሐፊ ነገ ተነስቶ «በቃኘው የአንድ ሳጅን ቤተሰብ ቅዳሜን እንዴት ያሳልፍ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያጣም። አልቀናም ብል ዋሸሁ።

እስቲ አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በኩል እንለፍ። አየር ምድብ ሲባል እኛ የምናስበው አብራሪ ነው። አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ከመሬት እንዲነሳ ግን መካኒኩ አለ፣ ቦምብ የሚሰቅለው አለ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ራዳር ላይ የሚያድረው፣ ወጥ ቤቱ፣ ጥበቃው አለ። እያንዳንዱ ደግሞ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ አገር ቤት ተቆራጭ የሚልክላት እናት አለችው። የእነዚህ ሰዎች ቅዳሜ እንዴት ነበር? ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? ባል ግዳጅ ሲሄድ ደመወዙን ማን ይቀበል ነበር? የሞተ እንደሆነ መርዶውን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ቃል ያረዳ ነበር? ከመጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ መልስ ፈልጉ።

መጽሐፍ የለም አልልም። ስለ ጦርነቱ ጄኔራሉም ኮሎኔሉም ጽፈዋል፤ አንዳንዱ ራሱን ነጻ ለማውጣት፣ አንዳንዱ ጓደኛውን ለመክሰስ። በግንቦት 1981 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አሥመራ ላይ የተገደሉት የጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ልጅ «አባቴ ያቺን ሰዓት» ብሎ ጽፏል። እሰየው! የጄኔራል ልጅ ጻፈ። የአሥር አለቃው ሚስትስ? እሷ ያላት ያቺ ሰዓት ብቻ አይደለችም፤ ያቺ አሥራ ምናምን ዓመት ናት።

በኦጋዴኑ ጦርነት አውሮፕላኑ የወደቀበትን ለገሠ ተፈራን ሁላችንም እናውቃለን። 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሮ በ1980 ተለቀቀ። ጀግና ነው፤ ማን ይክዳል? ግን 11 ዓመት የሚቆጠረው በእስር ቤት ውስጥ ብቻ ነው እንዴ? ለእያንዳንዱ የጦር ምርኮኛ አገር ቤት «አለ» ይባል «የለም» ይባል ግራ ገብቷት፣ ጥቁር ትልበስ ነጭ ትልበስ ሳታውቅ የከረመች ሴት አለች። የእሷን ዓመት የቆጠረላት የለም።

ወደ ጨፋ ሮቢት ልመለስ። እኚህ ያልኳችሁ እናት በሰፈሩ «የአየር ኃይሏ» ይባላሉ። ስማቸውን የማልጽፈው ሳይፈቅዱልኝ ስለሆነ ነው። ሮብ ሮብ ገበያ ላይ ቡና ያፈላሉ። በ17 ዓመታቸው፣ ከኦሮምኛ በቀር እዚህ ግባ የሚባል አማርኛ ሳይኖራቸው፣ ለእረፍት የመጣ የአካባቢው ልጅ አግብቷቸው አሥመራ ወሰዳቸው። ሰውየው የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። እሳቸው አማርኛውን ከካምፑ፣ ትግርኛውን ከገበያው ተማሩ። ሦስት ልጅ እዚያው ወለዱ።

ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ጦርነት አያወሩም። የሚያወሩት ድምፅ ነው። የአውሮፕላን ድምፅ ሰምተው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ፤ ሲወጣ ይቆጥራሉ፣ ሲገባ ይቆጥራሉ። «ባልሽ አብራሪ አይደል፣ ለምን ትቆጥሪያለሽ?» ብላ የጠየቀቻቸው አዲስ ሙሽራ ነበረች አሉ። መልሳቸውን ብትሰሙ! አውሮፕላን ቀርቶ የቀረ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው መካኒኩ ነው። «ማን ነው ትናንት ሞተሩን የነካው?» ይባላል። ጠላት ጥሎት ይሁን ብሎን ላልቶ ማን ያውቃል? በደርግ ዘመን ደግሞ «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች። ስለዚህ የአብራሪ ሚስት ባሏን ስትቆጥር የመካኒክ ሚስትም ባሏን ትቆጥራለች። ይህን በየትኛው የጦር ታሪክ መጽሐፍ አነበባችሁ? እኔ አላነበብኩም።

በግንቦት 1976 የሻዕቢያ ኮማንዶዎች ማረፊያው ድረስ ገብተው አውሮፕላን ሲያቃጥሉ ልጆቻቸውን አልጋ ሥር አስገብተው ሌሊቱን አነጉ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ሲያዝ ደግሞ አሥመራ ተከበበች። ከዚያ በኋላ እህሉም ጥይቱም በአየር ሆነ፤ ማረፊያው ራሱ በመድፍ ይመታ ነበር። እሳቸው ያን ጊዜ የሚያስታውሱት አንድ ጣሳ ጤፍ ለሦስት ቤት መካፈላቸውን ነው። ካካፈሏቸው ጎረቤቶች አንዷ የአካለ ጉዛይ ሴት ነበረች፤ ወንድሟ ከከበበው ጦር ጋር በረሃ ነው። እያወቁ ነው የሚካፈሉት። ቃኘው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ እዚያ የታሸገ ሥጋ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 አሥመራ ወደቀች። ከሠራዊቱ ብዙው በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን ተመመ። ቀጥሎ ደግሞ የወታደሩና የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰብ በአሥር ሺዎች እየተቆጠረ ከኤርትራ እንዲወጣ ተደረገ። የእኛዋ እናት ባላቸውን ያዩት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ሰሞን ነው። ሁለቱን ልጆች በእጅ፣ ትንሿን በጀርባ ይዘው፣ ሲያገኙ በመኪና ሲያጡ በእግር፣ በመቀሌ በወልዲያ በደሴ አድርገው ከሚሴ ገቡ። ከቤታቸው ያወጡት አንድ ጀበናና የሦስት ልጅ የክትባት ካርድ ነው። ካርዱን አሳይተውኛል።

ልብ በሉ። አሜሪካኖቹ ከአገራቸው ወጥተው ባሕር ማዶ ባለ ጦር ሰፈር ኖሩና ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእኛዎቹ አገር ቤት ባለ ጦር ሰፈር እየኖሩ ሰፈሩ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ውጭ አገር ሆነባቸው። በ1985 ሪፈረንደም ተደርጎ ኤርትራ አገር ስትሆን እሳቸው ሦስት ልጅ የወለዱበት ጓዳ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ሆነ። በግንቦት 1990 መጨረሻ ደግሞ የእኛው አየር ኃይል ያንኑ የአሥመራ ማረፊያ ደበደበ፤ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስም ተመትቶ ተማረከ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ በይፋ አልተነገረም። ሬዲዮው ዜናውን ሲናገር ገበያው አጨበጨበ። እሳቸው ግን «የኔ ጓዳ ደሞ ምን አደረጋቸው?» አሉ ይባላል። ያን ጊዜ ትልቁ ልጃቸው በእንቅልፍ ልቡ ሳይቀር የሚናገረውን ትግርኛ መደበቅ ጀምሮ ነበር።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በ1983 ከአራት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ተበተነ። የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተቋቋመ። ሙሉ ስሙ የቀድሞው ሠራዊት አባላትና የጦር አካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ነው። ስሙን ደግማችሁ አንብቡት። የሠራዊት አባል አለበት፣ አካል ጉዳተኛ አለበት። ሚስት የለችበትም፤ ልጅ የለበትም። ባል ከሌለ ፋይል የለም፤ ፋይል ከሌለ ሰው የለም። ሴትየዋ 14 ዓመት የኖሩት ኑሮ ማንም ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «የደርግ ሚስት» የምትል ቅጽል ጠበቀቻቸው። የደርግ ሚስት! ደርግን ያገቡ ይመስል።

ይህን ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ወታደር ደመወዙን በልቷል፣ ምን ዕዳ አለብን?» የሚለውን አልፈዋለሁ፤ ደመወዙን የበላ ሰው ሚስት አትናገር የሚል ሕግ ስላላየሁ ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። «ያ አየር ኃይል ሐውዜንን የደበደበ ነው፤ የደብዳቢን ጓዳ ትዝታ ማን ይፈልጋል?» የሚል ወዳጅ አለኝ። ይህን በቀላሉ አልመልሰውም። ሰኔ 15 ቀን 1980፣ ዕለተ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን፣ አውሮፕላኖች ሐውዜን ላይ ቦምብ አዘነቡ። ያለቀው ሰው በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር አልነበረም። በአማርኛም በኦሮምኛም ስሟ ውስጥ ሮብ ያለባት ከተማ ተቀምጬ የሮብ ገበያ መደብደብ ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዳኝ የሚችል አያስፈልገኝም።

ግን እኮ ለዚሁ ነው የምለው! ማስታወስ ማሞገስ ነው ያለው ማነው? ያን ማታ ከሥራ የገባውን ሰው ቱታ ማን አጠበው? ራቱን ሳይበላ የተኛውን፣ ጠጥቶ የገባውን፣ ልጁን መንካት ያቃተውን ማን አየው? የበረራ መዝገቡ ቢገኝ ሰዓትና ነዳጅ ይነግረናል። ሌላውን የምታውቀው ጓዳ ውስጥ የነበረችው ናት። «የደርግ ሚስት» ብለን አፏን ስንዘጋ የሐውዜንን አንድ ምስክር አብረን እየቀበርን ነው። እኔ እናቲቱን ስለ ሐውዜን ጠይቄያቸው ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያበቁ «ያን ሳምንት ሴቶቹ ቡና አልተጠራራንም» አሉኝ። ይህን እንዴት እንደምተረጉመው አላውቅም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ሳይጠየቅ 30 ዓመት ማለፉን ግን አውቃለሁ።

«ጊዜው አይደለም» የሚሉም አሉ። መቼ ነው ታዲያ ጊዜው? የሰሜን ዕዝ አባላት ትግራይ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሲኖሩ ብዙዎቹ እዚያው አግብተው ወልደዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ዕዙ ሲጠቃ እነዚያ ቤቶች ምን ሆኑ? ባሏ ከዚህ ወንድሟ ከዚያ የሆነባት ሴት ያን ሌሊት ለማን ጸለየች? በዓመቱ ጦርነቱ ደቡብ ወርዶ እኛው ደጅ ከሚሴ ደረሰ፤ ያኔ ደግሞ የእኛ ሰፈር ሴቶች ሌላ ድምፅ መለየት ተማሩ። ሶማሊያ ዘምተው የሞቱት ስንት እንደሆኑ ለሕዝብ ሳይነገር ቀርቷል። እንግዲህ የ1983ቱን ሳንጨርስ የ2013ቱ ተደርቧል።

የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። ሐውልት ሠርተን እናውቃለን፤ ወታደሩ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል፣ ሴቲቱ ከጎኑ ብትኖር አገልግል ይዛ ነው። የምጠይቀው መቅረጫ የያዘ ሰው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየዓመቱ የታሪክ ተማሪ ያስመርቃል፤ ተማሪውም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋኝ እያለ የአንድን ወረዳ «አጭር ታሪክ» ለአሥረኛ ጊዜ ይገለብጣል። ከሚሴ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም አለ፤ የሠርግ ጭፈራ ይቀርጻል፣ ደግ ነው። አየር ኃይሉስ? ቢሾፍቱ ላይ በዓል ሲሆን የድሮ አውሮፕላን ታጥቦ ይቆማል። ከአውሮፕላኑ ይልቅ የመካኒኩ ሚስት ናት ቶሎ የምታልቀው። ብረቱ ቀለም ተቀብቶ ይከርማል።

ሦስት ቋንቋ የሚችል ጠያቂ ቢሆን ይመረጣል፤ እናቲቱ ስለ ልጅነታቸው በኦሮምኛ፣ ስለ ካምፑ በአማርኛ፣ ስለ ጎረቤታቸው በትግርኛ ነው የሚያወሩት፤ እንዲሁ ሳይታወቃቸው ይቀያይሩታል። ሮብ ሮብ ገበያ ላይ አይታጡም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ቡና ጠጪው ይበዛባቸዋል።