የጁሙዓ ዕረፍታችን

በክረምቱ በጎ ፈቃድ ከአትክልት ተራ ጀርባ የአንዲት እናትን ቤት ስናድስ፣ ጁሙዓን እንረፍ ማለታችን አንዳንድ ወንድሞችን ቅር አሰኘ። ለአላህ ብሎ የወጣ ምን ዕረፍት ያሻዋል አሉን። ሐሙስ ግን ቆርቆሮ ስንመታ አንዳችን ከድካም ብዛት ከመሰላል ሊወድቅ ነበር! ሰልማን (ረ.ዐ) አቡ ደርዳእን ነፍስም ሐቅ አላት ብሎ የመከረው እኮ ዒባዳ ላይ ሳለ ነው።

በኒ መስጂድ ሰግደን ሻይ ስንጠጣ (ገበያው በ2012 በኮሮና ወደ ጃንሜዳ ቢነሳም ሰፈሩ ዛሬም አትክልት ተራ ነው) ዝናቡ ወረደ። ግማሹ ጣሪያ ክፍት ነበር። ሮጠን ስንደርስ እማማ ፍራሻቸውን ጥግ አስይዘው «ልጆቼ፣ ዝናብ መታችሁ?» አሉን።

ጥፋታችን ማረፋችን ሳይሆን ሐሙስ ማታ ሸራ ሳንወጥር መሄዳችን ነው። አሁን ለሸራው ተረኛ መድበናል፤ ጁሙዓንም እናርፋለን።